«ናጋ» ያሉት መስሎት

የሙሉነህን ነጂነት የሚያማ ሰው ነገሌ ውስጥ አልነበረም፤ የሚታማው ጠባዩ ነው። ያቺን አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን ዓይኑን ጨፍኖ ፈታትቶ ይገጥማታል። መሪ ሲጨብጥ ግን፣ ወይ ጉድ! ሌላ ሰው ይሆናል። ከፊቱ አቧራ ካየ ሳይቀድም አያርፍም። መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሁሉ እሱን ሊያደንቅ የቆመ ይመስለዋል። በቀስታ የሚነዳውን ደሳለኝን «ሙሽራ ጫኝ» ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ስሙ እስከ ያቤሎ ተለጠፈበት፤ ደሳለኝ ግን ስቆ ያልፋል።

በዝናቡ ወራት አንድ ቀን ሙሉነህ ቡና ጭኖ ከሚኖርበት ከሻኪሶ ወደ ነገሌ ሲወርድ፣ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠችው የገዛ ሚስቱ ሀረገወይን ነበረች። ወሯ ገብቷል፤ እናቷ ወይዘሮ በዛብሽ ቤት ልትወልድ ነው። ከዚህ ቀደም አንድ አስወርዷታልና የዚህኛው ነገር ጭንቅ ብሏታል። እሱም ቢሆን ልጁን አይወድም አይባልም፤ ሆዷ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

«ሙሌ፣ ቀስ በል እንጂ» አለችው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ።

«እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ?»

«ኧረ በማርያም ቀስ በል!»

«ከደሳለኝ ጋር የተሳፈርሽ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀና ነዳጁን ረገጠ።

ሜዳው ላይ እንደደረሱ አንድ የቦረና ሽማግሌ ከግራር ሥር ብድግ ብለው ዱላቸውን እያወዛወዙ ወደ መንገዱ ሮጡ። አንድ ቃል እየደጋገሙ ይጮኻሉ። ሙሉነህ ኦሮምኛ አዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ እውቀቱ ከሰላምታ አያልፍም እንጂ።

«ናጋ እያሉን ነው። ከቆምንላቸው ከብቱን፣ ጥጃውን፣ ዝናቡን ሲጠይቁን ይመሻል!» አለና እጁን በመስኮት አውጥቶ «ናጋ፣ አባባ! ናጋ!» እያለ ክላክሱን አንባርቆ አለፈ።

«ሰላም ለማለት ማን ይሮጣል? ቁም እንጂ!» አለች ሀረገወይን።

አልቆመም።

ከኩርባው ወዲያ ደረቅ ወንዝ አለ። ሌላ ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ላይ ደጋው ላይ ግን ዝናብ ጥሎ ኖሮ ድፍርስ ውሃ እየገፋ ይወርዳል። ሙሉነህ ጎማውን አይሸፍንም ብሎ ገመተና ገባበት። መሃል ሲደርስ ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ጸጥ አለ። ውሃው በሩን ሲያልፍ ያ ሁሉ ጉራ ከላዩ ላይ ረገፈ፤ ዋና አይችልም። ሚስቱን እየገፋ ጋቢናው ጣሪያ ላይ አወጣት። እሷ ሆዷን አቅፋ «ልጄን! ልጄን!» ትላለች።

ያን ጊዜ ሽማግሌው፣ ጉዮ ይባላሉ፣ ከልጃቸው ከዱባ ጋር እያለከለኩ ደረሱ። ይዘውት የመጡትን የከብት ገመድ ግራር ላይ ጠምጥመው ያዙ፤ ዱባ ጫፉን ወገቡ ላይ አስሮ ዋኘ። መጀመሪያ ሀረገወይንን፣ ቀጥሎ ሙሉነህን አወጣ። መኪናዋ ከነቡናዋ ተገልብጣ ወረደች።

«ናጋ ብለውኝ እኮ ነው!» አለ ሙሉነህ ልብሱን እየጨመቀ።

«ምን ናጋ!» አለ ዱባ ተቆጥቶ። «አባቴ ላጋ ነው ያለህ። ላጋ! ወንዝ! ወንዝ መጣ አለህ!»

ሀረገወይን ሳምንት ሳትቆይ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። እልል ተባለ። ሙሉነህ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ነገሩን ያወራል። «ላጋና ናጋ! አንድ ፊደል እኮ ነው! ማን አይሳሳትም? ቋንቋ ነው ጉድ የሠራኝ!» ጠያቂው ይስቃል፤ እሷ ግን አትስቅም።

ክርስትናው ተነሥቶ ወደ ሻኪሶ የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። ሙሉነህ ከወዳጁ መኪና ለምኖ በሩ ላይ አቆመ። ሊሸኝ የተሰበሰበውን ሰው በዚያችው ወሬ ሲያስቅ ሀረገወይን ልጇን አዝላ ወጣች።

«እኔ ቀስ በል፣ ቁም ያልኩህ በምን ቋንቋ ነበር?» አለችው።

ሳቁ ቆመ። 

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ።

ሀረገወይን በሩ ላይ የቆመችውን መኪና አልፋ ሄደች። ከመንገዱ ማዶ ደሳለኝ ጨው ጭኖ ወደ ሻኪሶ ሊነሳ ነበር። ጋቢናውን ከፈተላት፤ ልጁን ከጀርባዋ ተቀብሎም ስትወጣ አቀበላት። ሙሉነህ የወዳጁን መኪና ቁልፍ እንዲመልሱለት ለአማቱ ሰጥቶ ተከተላትና ከኋላ ከጆንያው ላይ ወጣ።