የወርቅነሽ ሃያ ወራት

በ1958 ዓ.ም. ገብረጻድቅ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ድሬሰር ነበር። የሚሠራው ከግቢው ጥግ በተከፈተችው፣ አሥራ ሁለት አልጋ ባላት የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነው። ቤቱ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ስለሆነ ጠዋት በባቡር ሄዶ ማታ በባቡር ይመለሳል። ተረኛ በሆነባቸው ሳምንታት እዚያው ያድራል። መርፌ ይወጋል፣ ኪኒን ያድላል፣ ሕሙማኑን ያጥባል። ማክሰኞና ዓርብ ደግሞ ሐኪሙ ለበሽተኛው አንጎል ኤሌክትሪክ የሚሰጥበትን ማሽን ሲያስነሳ፣ በሽተኛው ሲንቀጠቀጥ እንዳይጎዳ ትከሻውን ይይዛል። ጉልበት ስላለው ትከሻ ሁልጊዜ የእሱ ድርሻ ነበር።

በሥራው ይኮራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቃል ያልወጣው ሰውዬ ከስድስተኛው ሕክምና በኋላ «ምላጭ ስጡኝ፣ ጢሜን ልላጭ» ሲል በጆሮው ሰምቷል። ባቡር ውስጥ «የእብድ ቤት ሠራተኛ» ብለው ለሚያሽሟጥጡት፣ «ጉበት ይታመም የለ፤ አንጎልም እንደዚያው ነው» ብሎ ሳይሰለች ያስረዳ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ የሚከራከረው አማቱ አቶ ቀጀላ ነው። ባቡሩ የሚያልፍበት መሬት የአባቱ ማሳ ነበር። እሱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያህል የዚያኑ ሃዲድ ብሎን ሲያጠብቅ ኖሯል።

«ብሎን ሲላላ በመፍቻ አጠብቀዋለሁ» ይለው ነበር ቀጀላ። «ሰው ግን ለምን እንደላላ ይነግርሃል። ጠይቃችሁታል?»

«ተጠይቆ የማይመልስ አለ፣ አባ ቀጀላ።»

«ቆይታችሁ ጠይቁት።»

ሁለቱ ስለሚዋደዱ ክርክሩ በሳቅ ነበር የሚያልቀው።

ሰኔ ላይ ወርቅነሽ በኩፍኝ ሞተች። የገብረጻድቅና የሚስቱ የዳሲቱ አንድ ልጅ ነበረች፤ ሃያ ወሯ ነው። ገብረጻድቅ በዚያ ሳምንት ተረኛ ስለነበር የደረሰው ለቀብሩ ብቻ ነው።

ዳሲቱ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር፤ ሥራውን የተወችው ስትወልድ ነው። እስከ አርባው ድረስ እንደ ማንኛዋም ሐዘንተኛ አለቀሰች። ከአርባው በኋላ ግን ልቅሶዋ ድንገት ቆመ። እህል እያስጠላት ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠበች ሳለ ከሳፋው ቀና አለችና ባሏን «ሰማሃት?» አለችው።

«ማንን?»

«ወርቄን። ከሃዲዱ ወዲያ ሆና ትጠራኛለች።»

በነሐሴ ወር ሦስት ጊዜ ሃዲዱ ላይ አገኟት። ሁለቱን ጊዜ በሃዲዱ መሀል ወደ ቃሊቲ ስትሄድ ሰዎች መለሷት። በሦስተኛው ጊዜ ግን ሊቶሪናው፣ ፈጣኑ ባቡር፣ ከድሬዳዋ መንገደኛ ጭኖ እየመጣ ነበር። ፍሬኑ እየተንጫጫ ሃያ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ከሃዲዱ ላይ ጎትቶ ያወጣት አባቷ ነው። ስትታገለው እጁን ነከሰችው።

ቤት አስገብተው ካስተኟት በኋላ ሁለቱ ወንዶች ደጃፍ ላይ ተቀመጡ።

«ነገ ሆስፒታል እወስዳታለሁ» አለ ገብረጻድቅ።

ቀጀላ የተነከሰ እጁን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። «ልጅ የሞተባት ሴት ናት። ሐዘን ነው ያላት። እኔ ሥራዬን ትቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ጠበልም እናስሞክራት።»

«እርስዎ ሲተኙስ?»

«አልተኛም።»

«አባ ቀጀላ፣ እህል ከቀመሰች ስንት ቀኗ ነው። በዚህ ሁኔታ ክረምቱን አታልፈውም። እንደ እሷ ያሉ ብዙ አይቻለሁ። ሲድኑም አይቻለሁ።»

«ሲድኑ አይተሃል። ከዳኑ በኋላ ቤታቸው ሄደህ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

ገብረጻድቅ ሄዶ አያውቅም። ቀጀላ ጨርቁን አስሮ ጨረሰ።

«ልጄን ለማሽን አልሰጥም ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ግን ባቡሩን አየሁት። ውሰዳት። የምታውቀው አንተ ነህ።»

በሆስፒታሉ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስካለማርያም ነበረች። ገብረጻድቅ ጋውኑን ለብሶ ወደ ማሽኑ ክፍል ሲገባ በሩ ላይ አቆመችው።

«ዘመድ አይዝም። ደንቡን ታውቃለህ።»

«ሌላ ሰው ከሚይዛት እኔ ብይዛት ይሻላል፣ ሲስተር።»

ፊቱን አይታ አሳለፈችው።

ዳሲቱ አልጋው ላይ ተንጋላ ነበር። በዚያ ክፍል በዚያን ጊዜ በሽተኛውን በማደንዘዣ አስተኝቶ ማከም አልተጀመረም፤ ሁሉንም ታያለች። ማሽኑን አየች፣ ቀጥላ ባሏን አየችው።

«ገብሬ፣ ድምጿን ያጠፉብኛል?»

«እህል እንድትበይ ነው። እንቅልፍ እንዲወስድሽ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። የቀረኝ ድምጿ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዱብኝ ሁለተኛ መሞቷ ነው። እንዳይወስዱብኝ ንገራቸው።»

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። ምን እያለች እንደሆነ ገብረጻድቅን ጠየቀው።

«ፈርታለች» አለው ገብረጻድቅ።

ለሚስቱም «አይወስዱብሽም» አላት። ምላሷን እንዳትነክስ አፏ ውስጥ ላስቲክ አደረጉላት። እሱ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ያዘ። በመቶ የሚቆጠር ትከሻ ይዟል፤ እንደ እሷ ከስቶ አጥንቱ ብቻ የቀረ ግን ይዞ አያውቅም።

ሕክምናው ስምንት ጊዜ ተደረገላት። ከሦስተኛው በኋላ ውኃ ጠየቀች። ከአምስተኛው በኋላ እንጀራ በላች። ከሰባተኛው በኋላ ፀጉሯን አበጥራ ሲስተር አስካለማርያምን መስታወት ለመነቻት። የሚጠራት ድምፅ እንዳለ ሲጠይቋት «የምን ድምፅ?» አለች። ሐኪሙ የገብረጻድቅን እጅ ጨበጠ። በመስከረም መጨረሻ አሰናበቷት።

ወደ አቃቂ ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ጉንጯ ሞልቷል። ገብረጻድቅ አጠገቧ ሆኖ ቀጀላን ምን እንደሚለው ያስብ ነበር፤ ሊኩራራበት አልፈለገም፤ ደስታው ግን ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ቃሊቲን ሲያልፉ ዳሲቱ ወደ እሱ ዞረች።

«ወርቅነሽን ማን ጋ ተውካት?»

ገብረጻድቅ የሰማውን አላመነም።

«ዲንቄ ጋ ነው?» አለች። ዲንቄ ጎረቤታቸው ናት። «ይህን ያህል ቀን ሳላጠባት፤ ጡቴ ደርቋል።»

«ቤት እንነጋገራለን» አላት።

ቤት፣ አባቷ ባለበት ነገራት። እንደ መጀመሪያው ቀን ጮኻ አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ስትነሳ ልጇን ጠየቀች። ዳግመኛ ነገራት፤ ዳግመኛ እንደ አዲስ መርዶ ወደቀች። ከሁለት ቀን በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ ገብረጻድቅ አፉን ሲከፍት ቀጀላ በእጁ አስቆመው። ዳሲቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ራሷን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ነገራት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

የቀረላትና የጠፋባት ነገር ቀስ በቀስ ታወቀ። እርግዝናዋን ታስታውሳለች። ምጧን፣ ወርቅነሽ ክርስትና የተነሳችበትን ሰማንያኛ ቀን ታስታውሳለች። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው። ልጅቷ ስትድህ፣ ስትሄድ፣ አፏን ስትፈታ፣ ስትታመም፣ ስትሞት፣ አንዱም የለም። መቃብሩን እንኳ ገብረጻድቅ ነው ወስዶ ያሳያት። የማታውቀው ሰው መቃብር እንዳየች ሁሉ ቆማ ቆማ፣ «እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች።

«መጀመሪያ ስትሄድ ወደ ማን ነው የሄደችው?»

«እኔ እንጃ። ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«እኔን ምን ብላ ነበር የምትጠራኝ?»

ገብረጻድቅ ለማስታወስ ሞከረ። ልጁን ያያት በእሑድና በምሽት ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ተኝታ። በደረቷ ተደፍታ እንደምትተኛ ነገራት። ላይኛው ድዷ ላይ አራት ጥርስ እንደነበራት ነገራት። ዲንቄ ተጠርታ መጣችና ልጅቷ ዶሮዎቿን «ኩኩ» እያለች እንዴት ታሯሩጥ እንደነበር ነገረቻት። ቀጀላ «እኔን አያቷን አካ ትለኝ ነበር፤ የኮቴን ቁልፍ የበጠሰችው እሷ ናት» አላት። ዳሲቱ እያንዳንዱን ቃል አፋቸው አፋቸውን እያየች ሰማች። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ግን የሚነገረው ሁሉ አለቀ።

«የቀረውን ማን ያውቃል?» አለች።

«የምታውቂው አንቺ ነበርሽ» አላት ገብረጻድቅ።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ የጠፋው ይመለስ እንደሆነ ጠየቀ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ አዳመጠው። «የተወሰነው ይመለስ ይሆናል፤ ላይመለስም ይችላል» አለው። «ሚስትህ ግን በሕይወት አለች። ባናክማት ኖሮ ይህን ስታወሩ አትገኙም ነበር።» ገብረጻድቅ እውነት መሆኑን ስለሚያውቅ ሊቆጣው እንኳ አልቻለም።

ኮሪደሩ ላይ ሲስተር አስካለማርያም ደረሰችበት። «አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ» አለችው። «መዝገቡ ላይ በላች፣ ተኛች፣ ወጣች ብለን እንጽፋለን። ረሳች ብለን የምንጽፍበት ቦታ የለውም። እኔም ይኑረው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

እሑድ ቀጀላን ፍለጋ ወደ ሃዲዱ ሄደ። አማቱ ብቻውን ከመስመሩ ጠርዝ ተቀምጦ ነበር።

«አባ ቀጀላ፣ አጠፋሁ?»

ሽማግሌው እጁን ሃዲዱ ላይ አሳረፈ። «ባቡሩን አይቻለሁ» አለ። «ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን ያኔ ስታለቅስ ለማን እንደምታለቅስ ታውቅ ነበር። አሁን ሰው ነግሯት ነው የምታለቅሰው።»

ገብረጻድቅ ሥራውን ቀጠለ፤ ባቡር ውስጥ መከራከሩን ግን ተወ። ዳሲቱ በጥር ወር ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። ተሽሏት ስትኖር፣ በዓመቱ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመች።

«በሽታው ተመልሶ ቢመጣብኝ እዚያ ሆስፒታል እንዳትወስደኝ። ቃል ግባልኝ።»

«ሃዲዱ ላይ ብትሄጂስ?»

«አባቴ ይጠብቀኛል። አንተም ሥራህን ትተህ ጠብቀኝ።»

ቃል ገባላት።

በ1960 ክረምት ተመለሰባት። ገብረጻድቅ ፈቃድ ወሰደ። እሱና ቀጀላ እየተፈራረቁ ዘጠኝ ሳምንት አጠገቧ ተቀመጡ። ጠበል ወሰዷት፤ ኪኒን ሰጧት። አጫወቷት፣ ጠየቋት፣ ዝም ብለውም አብረዋት ተቀመጡ። አንዳንድ ቀን የተሻላት ይመስል ነበር። በዚህ ጊዜ ወደ ሃዲዱ አልሄደችም፤ መነሳት አቃታት። እህል ተወች፤ ቀጥላ ውኃ ተወች። ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ እያራሱላት ሦስት ቀን ቆዩ። በአራተኛው ጠዋት ገብረጻድቅ አቅፎ አነሳት። ቀጀላ ጋቢውን አልብሷት እስከ ጣቢያው አብሮ ሄደ።

አምስት ጊዜ አከሟት። ዳነች። ስትመለስ ያለፈውን ዓመት ብዙውን አታስታውስም። ቃል ያስገባችበት እሑድም ከጠፋው ጋር ጠፍቷል። ያን ቀን መንገድ ላይ ሌላ የሰማ ሰው ስላልነበረ፣ ገብረጻድቅ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

ሁለት ወር ዝም አለ። በኅዳር አንድ ቀን ጠዋት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ልብስ ስትጠግን አጠገቧ ተቀመጠና ነገራት። መንገድ ላይ የገባላትን ቃል ነገራት። ማሽኑ ክፍል ውስጥ ለሐኪሙ ንገርልኝ ያለችውንና እሱ «ፈርታለች» ብሎ የተረጎመውን ነገራት። ዳሲቱ መርፌውን ልብሱ ላይ ሰክታ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ቃል ስትገባ ከልብህ ነበር?»

«ከልቤ ነበር።»

«ስታፈርሰውስ?»

«ያኔም ከልቤ ነው። እንድትሞቺብኝ አልፈለግሁም።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ይሆናል። ደግሞም ባትነግረኝ ትችል ነበር።» መርፌውን ከልብሱ ነቀለች። «ግን አንተ አጠገብ ተኝቼ ስነሳ፣ ምን እንደጎደለኝ የማውቅበት መንገድ የለኝም። አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አላውቅም። እንዲህ ሆኖ መኖር አልችልም።»

በዚያው ሳምንት ልብሷን ይዛ ከሃዲዱ ወዲያ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። አልተጣሉም፤ ሽማግሌም አልተቀመጠም። ገብረጻድቅ ሆስፒታሉን ለቆ አቃቂ ጣቢያ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሥራ ገባ። በሽታው ቢመለስባት ቅርብ ልሁን ብሎ ነው፤ እሷ ግን ይህን አልጠየቀችውም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀጀላ ቤት ይሄዳል። ዳሲቱ እጁን ታስታጥበዋለች፣ ምሳ ታቀርብለታለች፣ ስለ ፋብሪካው ታጫውተዋለች። ቂም የለባትም። መጀመሪያ በሄደ ቀን ሳህኑን ወደ እሱ አስጠግታ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ «ይብሉ እንጂ፣ ምነው አልበሉም» አለችው። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ «አንተ» ነበር የምትለው። ቀጀላ የጎረሰውን ማላመጥ ትቶ መሬት መሬቱን አየ። ገብረጻድቅ «እሺ፣ እየበላሁ ነው» ብሎ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለ።