ውሃ ብቻ የፈላበት ድስት

በእንግሊዟ መንደራችን በኮልድፎርድ የምርጫ ድምፅ ያለው ድስት ነበር። በገዛ ምድጃው የገዛ ድስቱን የሚያፈላ ወንድ ሁሉ የፓርላማ ሰው ይመርጣል፤ ድስቱን የምንጥደው እኛ ሴቶቹ ግን ከድስቱ ያነሰ መብት ነበረን። እሱን ተዉት፤ ካነሳሁት አላባራም። ታዲያ ከምርጫው በፊት ባለው ዓመት የአጥቢያውን የድሆች ዳቦ የበላ ሰው ድምፁን ያጣል።

በዚያ የብርድ ወራት ባሌ ጀቤዝ ጣሪያ ሲከድን ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ቤታችን ባዶ ሆነ። ይኼኔ ሚስተር ክሮከር ሳንጠራው ትኩስ ዳቦ ይዞ ከተፍ አለ። የመንደሩ ባለመሬት የሎርዱ ወኪልም የድሆች ዳቦ አዳይም እሱው ነው፤ ሎርዱ ደግሞ የሚፈልገው የራሱ ሰዎች እንዲመረጡ ነው።

«ወይዘሮ ሉስኮም፣ እንዲያው አንጀቴን በላችሁት» አለ።

እጄን ስዘረጋ ጀቤዝ ከአልጋው ላይ ጮኸ፦ «ቲርዛ! እንዳትነኪው!»

ክሮከር ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሲወጣ ጀቤዝ ላይ ወረድኩበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ድምፅህን ቀቅዬ ላብላህ? ደግሞ የምትመርጠው ያንን ተወዳዳሪ ሃልስን! ማንቸስተርን የሚያህል ከተማ አንድ ሰው እንኳ ፓርላማ ውስጥ ሳይኖረው ስልሳ ድስት ያላት ኮልድፎርድ ሁለት ሰው አትልክም፣ የፓርላማ ወንበሯ ይሰረዝ የሚለውን! ድምፅህን ሊያጠፋብህ ለመጣ ሰው ነው የምትራበው?»

«አዎ» አለ። «ማንቸስተር ያለው የእህቴ ልጅ ሸማኔ ነው። እሱም አፍ አለው።»

«እሱ አፍ ካለው እኔ ሆድ የለኝም?» ብዬ አለቀስኩ። አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ። ዳቦውን ግን ወስጄ መለስኩ።

ምርጫው ሲደርስ እንደ ልማዳችን ሁሉም መብቱን ለማሳየት ድስቱን ደጁ ላይ ጣደ። ክሮከር ቤት ለቤት እያየ መጥቶ የእኛን ክዳን አነሳ።

«ይኼ እኮ ውሃ ነው!»

«ፈልቷል አልፈላም?» አለ ጀቤዝ ምርኩዙን ተደግፎ። «ሕጉ ይፍላ ነው የሚለው፤ ሥጋ ይግባበት አላለም።»

ጎረቤቱ በሳቅ ፍርስ አለ። «ክሮከር፣ እስቲ ጨው ቅመስለት!» አለው አንዱ። ጀቤዝም እያነከሰ ወደ ምርጫው ቦታ ሄዶ በሎርዱ ሰዎች ፊት «ሃልስ!» ብሎ ጮኾ መረጠ።

በዓመቱ ሃልስ ይውጣ ሲል የነበረው ሕግ ወጣ። ኮልድፎርድ ከነድስቶቿ ተሰረዘች፤ ለማንቸስተር ሁለት ወንበር ተሰጣት። ወሬው ለጀቤዝም ደረሰው። ዳሌው አልዳነም፤ ቤት ውስጥ ዱቄት የለም። ከእንግዲህ የምናጣው ምን አለ ብዬ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ክሮከር ዘንድ ዳቦ ልለምን ሄድኩ።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የምን ዳቦ? ያኔ እኮ ባልሽ ድምፅ ነበረው።» ልወጣ ስል ደግሞ ጠራኝ። «ያ ባልሽ በየቦታው የሚመካበት የማንቸስተሩ ሸማኔም ድምፅ አላገኘም! አዲሱ ሕግ ድምፅ የሰጠው ደህና ቤት ላለው ነው። የሸማኔ ጎጆ አይቆጠርም።»

ቤት ገብቼ የዳቦውን ነገር እንዳለ ነገርኩት። ይናደዳል ስል ቀስ ብሎ ፈገግ አለ።

«አየሽ ድምፄን ምን ያህል ይፈሩት እንደነበር? አሁን እሱን የእህቴ ልጅ ይዞታል። አደራ፣ በዳቦ እንዳይለውጠው ብለሽ ላኪበት።»

«እሺ፣ እልክበታለሁ» አልኩት፤ የሸማኔውን ነገር ግን እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም። ፊቴን እንዳያይብኝ ዞሬ ድስቱን ጣድኩ።