ያልዞረው ማጣሪያ

ዶክተር ብርሃነመስቀል ዓይናቸው የጠፋው ከመሃል ነው። ዳር ዳሩ ደህና ነበር፤ ፊት ለፊታቸው የቆመን ሰው ሲያዩ ግን ትከሻው ይታያቸዋል እንጂ በፊቱ ቦታ ያለው ግራጫ ጉም ብቻ ነበር። ሐኪሙ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየቀነሰ እንደሚሄድ ከነገራቸው ወዲህ መኪና መንዳት ትተዋል። ኖርክሮስ ከተማ ካለው ቤታቸው በጎረቤት ከተማ ፒችትሪ ኮርነርስ ወዳለው ላቦራቶሪያቸው የምታመላልሳቸው አብራቸው የምትሠራው እድላዊት ነበረች።

ላቦራቶሪው የሚተዳደረው በፋብሪካ ሥራ ነው። ፕላስቲክ፣ ቀለም፣ ክኒን ይመጣል፤ አረንጓዴ ሌዘር ይበራበታል፤ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን በየቀለሙ ተነጥሎ ስክሪን ላይ መስመር ይሥላል። መስመሩ ጠባብና ሹል ሆኖ ብቅ የሚልበት ቦታ፣ እነሱ ፒክ የሚሉት፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራል። ብርጭቆ ግን ሹል ፒክ የለውም፤ የተንጣለለ ሰፊ ጉብታ ነው የሚያወጣው።

ከሰማይ የወደቀው ድንጋይ የዶክተሩ የግል ጉዳይ ነበር። ከውጭ አገር ሙዚየም በውሰት የመጣ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ የተፋቀ ስስ ቁራጭ ነው። በመሃሉ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ያልፋል። በጥንት ዘመን ሁለት የጠፈር አለቶች ሲጋጩ ድንጋዩ እዚያ መስመር ላይ ለቅጽበት ቀልጦ፣ በኃይል ተጨምቆ፣ እንደገና ጠጥሯል። ዶክተሩ ግጭቱ ሌሎች ከሚገምቱት በላይ ከባድ እንደነበር ያምናሉ። ማስረጃቸው ብሪጅማናይት የሚባል ማዕድን ነበር። ይህ ማዕድን በምድር ጥልቅ ሆድ ውስጥ ሞልቷል፤ ከላይ ግን እንዲህ ያለ ግጭት ካልፈጠረው በቀር አይገኝም። ክፋቱ ሙቀት አይችልም። ሌዘር ከበረታበት ወዲያው ብርጭቆ ይሆናል።

አምና እዚያ ጥቁር መስመር ላይ አንድ ቅንጣት አግኝተው ነበር። ያኔ ዓይናቸው ገና አልተጎዳም ነበር። ሌዘሩን ከፍ አድርገው ፒኩን ለአንድ አፍታ አዩት፤ ከዚያ ጠፋ። አሮጌው መሣሪያ ስክሪኑ ላይ ሽው የሚለውን አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ረጅሙን ንባብ ነው። ንባቡ ሲያልቅ የቀረው የብርጭቆ ጉብታ ብቻ ሆነ። ጽሑፋቸውን የገመገሙት ሰዎችም ይህ ብርጭቆ ነው ብለው መለሱላቸው።

አሁን ሁለተኛ ቅንጣት ነበረ። ሦስተኛ የለም። የውሰቱም ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው፤ ቢሮ ሳይዘጋ አጓጓዡ መጥቶ ድንጋዩን ይወስዳል።

እድላዊት ከጠዋት ጀምራ በደካማ ሌዘር እያነበበች ነበር። ንባብ በንባብ ላይ እየደመረች ብትቆይም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ትርጉም የሌለው የሚርመሰመስ ነገር ብቻ ነበር። ዶክተሩ ከኋላዋ ቆመው አንገታቸውን ወደ ጎን አዙረው በዓይናቸው ጠርዝ ያያሉ። ምን እንዳለ ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ እሷም ገና ነው ትላለች። ከምሳ በኋላ ትዕግሥታቸው አለቀ። ከመሣሪያው ጎን ያለውን፣ የሌዘሩን ኃይል የሚቀንሰውን የማጣሪያ ቁልፍ አዙራ ሌዘሩን ከፍ እንድታደርግ አዘዟት።

እሷም ቅንጣቱ እንደ አምናው ይቃጠላል አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ በዚህ አያያዝ ማታም ምንም አይታይም፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው አሉ። የሚመጣው ዓመት ላይ ስክሪን የሚባል ነገር እንደማያዩ ሁለቱም ያውቃሉ።

እድላዊት እጇን ቁልፉ ላይ አደረገች። አላዞረችውም።

«እሺ ዶክተር። ከፍ ብሏል» አለች።

የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ይጮሃል። እድላዊት ዞራ አላየቻቸውም።

«ማጣሪያው አልዞረም» አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው። «ሲዞር ቋ ይላል።»

እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች።

«ያልሰማሁ መሰለሽ? ወይስ ዕውር ሁሉ ደንቆሮ ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ተነሺ።»

ተነሳች። ስትነሳ ግን ሌዘሩን የሚጋርደውን መዝጊያ ዘጋችው፤ ይህንንም ሰሙት። ዶክተሩ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ። ቁልፉን ለመፈለግ ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ አዞሩት፤ ቋ አለ። ቀጥሎ ጣታቸውን የመዝጊያው መክፈቻ ላይ አኖሩ። አንዴ እስከ ታች ከተጫኑት ሙሉው ሌዘር ቅንጣቱ ላይ ያርፋል።

እድላዊት እጃቸውን መያዝ ትችል ነበር። አልያዘችም። ከጎናቸው ቆመች።

«ያዩታል» አለች። «ለአንድ አፍታ ያዩታል፣ አምንዎታለሁ። አምናም አይተውታል። ከእርስዎ ሌላ ያየው ግን የለም። ዛሬም ቢያዩት መሣሪያው አያስቀምጠውም፤ ያው ብቻዎን ነዎት።»

ጣታቸው እዚያው ቆየ። ጥፍራቸው እስኪነጣ ተጭነውት ነበር፤ ትንሽ ቢጨምሩ ይከፈታል።

በመጨረሻ እጃቸውን አንሥተው ቁልፉን ወደ ነበረበት መለሱት። ከወንበሩ ተነሡና ግድግዳው ጥግ ሄደው ቆሙ።

እድላዊት ንባቡን ቀጠለች። ከሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ሕንፃው ሞቀ፤ ሌዘሩ ከቅንጣቱ ላይ በትንሹ እየሸሸ አስቸገራት፤ በየጊዜው አቁማ በማይክሮስኮፕ እያየች መለሰችው። አጓጓዡ በመንገድ ላይ ነኝ ብሎ ቴክስት ሲያደርግ ከሚርመሰመሰው መሃል አንድ ነገር ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር። ትንሽ ነው። አንዱን ንባብ ጨመረች፤ አልጠፋም። ሌላ ጨመረች፤ ትንሽ አደገ።

«ዶክተር፣ አለ» አለች።

መጥተው አንገታቸውን አዘነበሉ። ወደ ግራ ሞከሩ፣ ወደ ቀኝ ሞከሩ። ለሳቸው ዓይን በጣም ትንሽ ነበር። እድላዊት ምስሉን ብታሰፋው የሚርመሰመሰውም አብሮ እየሰፋ አልለይ አላቸው። ጣታቸውን ይዛ ስክሪኑ ላይ ልታሳያቸው ስትል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሚካኤላን ጥሪልኝ» አሉ። «አንቺ በሩ ጋ ቁሚ። ምንም አትናገሪ።»

እድላዊት ገባት፤ ከዋሸቻቸው በኋላ የሷን ቃል ብቻ አያምኑም። ሄዳ ጠራቻት።

ሚካኤላ በሚቀጥለው ክፍል የክኒን ናሙና የምትሠራ፣ እዚሁ ኖርክሮስ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። የሆነውን ስላልሰማች ሁለቱን በተራ አየቻቸው።

«ምንድነው ላይክ፣ የምፈልገው?»

«ምንም አትፈልጊ። ያለውን ንገሪኝ።»

ሚካኤላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። የሚርመሰመሰውን እያየች አብዛኛው ኖይዝ ነው አለች። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ተከተለች። እድላዊት በሩ ጋ እጆቿን አጣምራ መሬት መሬት ታያለች።

«ኦኬ፣ እዚህ ጋ አንድ ፒክ አለ። ሦስት መቶ ሰማንያ አካባቢ። አምስት መቶ ጋም አለ፣ እሱ ግን ዊክ ነው፣ ደከም ያለ።»

«ሰፊ ነው ጠባብ?»

«ጠባብ። ሁለቱም ጠባብ ናቸው።»

ሁለቱም ቁጥሮች ብሪጅማናይት ፒክ የሚያወጣባቸው ቦታዎች ነበሩ። ዶክተሩ ወንበሩን ያዙ። ደግማ እንድታይ አዘዟት፤ ደግማ ያንኑ አለች። ከዚያ አመስግነው አሰናበቷት። እድላዊት ንባቡን ሁለት ቦታ ሴቭ አደረገች፤ በማይክሮስኮፕ አይታም ቅንጣቱ እንዳለ መሆኑን ነገረቻቸው። አጓጓዡ ደርሶ ነበር። ድንጋዩን በሣጥኑ አሽጋ አስረከበች።

ሲመለሱ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። እድላዊት ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ይወስደኛል እስኪሏት ትጠብቅ ነበር። ዶክተሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ።

«ከእንግዲህ ያለውን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ» አሉ በኋላ። «እምቢ በይኝ። ጮኸሽም ቢሆን እምቢ በይኝ። እሺ ብለሽ ግን አትዋሺኝ።»

«አልዋሽዎትም» አለች።

«ባታስቆሚኝ ኖሮ ዛሬም አቃጥለው ነበር» አሉ።

በክረምቱ ሙዚየሙ ያንኑ ቅንጣት የኤክስሬይ መሣሪያ ላላቸው ሌሎች ተመራማሪዎች አዋሰ። እነሱም ብሪጅማናይት ነው አሉ። የዶክተሩ ጽሑፍ በሦስቱ ስም ታተመ፤ ሚካኤላ ምን እንደሠራች እስከ ዛሬ ባይገባትም ስሟ አለበት። እሳቸው ያን ጊዜ ማንበብ አቁመው ነበር።

ሥራ ግን አላቆሙም። እድላዊት አሁንም ታመላልሳቸዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሁለቱ ብዙ ይጨቃጨቃሉ። እሳቸው አንድ ነገር ሲያዙና እሷ ሳይመስላት ሲቀር አይሆንም ትላለች፤ ለምን ይላሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ሚካኤላም ተነሥታ የክፍሏን በር ትዘጋለች።