አራተኛው ምግብ ቤት

ለመላው የከተማችን ተመጋቢ ሕዝብ፦ ጥልቅ ጥናት፣ ሰፊ ምክክርና የማያቋርጥ ማኘክ ከተካሄደ በኋላ፣ «ሳይቀመሱ ሊታለፉ የማይገባቸው የከተማችን አሥር ተወዳጅ ምግብ ቤቶች» የተሰኘው ዓመታዊ ዝርዝር ከዛሬ ረፋድ ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ አምና ሁለተኛ የነበረው ዓሣ ቤት ወደ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ የነበረው ጥብስ ቤት ደግሞ ወደ ሁለተኛ መዛወራቸውን በታላቅ የኃላፊነት ስሜት እናሳውቃለን። ሕዝቡም በተለመደው ጨዋነቱ ለውጡን ተቀብሎ፣ ሳይገፋፋ ምሳውን እንዲበላ አደራ እንላለን።

ይህን ማስታወቂያ የጻፈችው ቀማሿ ናት። የመጽሔቱ ቢሮ ውስጥ ከጥበቃው እስከ ዋና አዘጋጁ ሁሉም የሚጠራት እንደዚያ ነው፤ ሥራዋ መቅመስ ነዋ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀማሿ ከቀመሰች ቆይታለች። ጨጓራዋ ቅባት አይወድም፣ ጥብስ አይወድም፣ ሎሚ አይወድም፤ ባጭሩ ሙያዋን አይወድም። ስለዚህ በምሳ ዕቃ የተቀቀለ ድንች ከቤቷ ይዛ ትመጣና፣ ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብላ ድንቿን እየገመጠች፣ ስለ በግ ጎድን «አፍ ውስጥ ቅልጥ የሚል» ብላ ትጽፋለች።

ዝርዝሩ የሚሠራበት መንገድም አያስቸግርም። የአምናው ይወጣል፤ እንደ ካርታ ይበወዛል፤ አምና «ሞቅ ያለ» የተባለው ቤት ዘንድሮ «ቤተሰባዊ» ይባላል፣ «ቤተሰባዊ» የነበረው ደግሞ በተራው ይሞቃል። ከቦታው ንቅንቅ ብሎ የማያውቀው አራተኛው ብቻ ነው። ማን እዚያ እንዳስቀመጠው የሚያስታውስ የለም፤ ዋና አዘጋጁ ግን አንባቢ አንድ የማይቀየር ነገር ካላገኘ ሌላውንም አያምንም ባይ ስለሆኑ፣ የሚነካው አልተገኘም። ስሙ ፎቅ ቤት ነው። ከልብስ ስፌት ቤት በላይ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣበት፣ በምስር ሾርባውና ከድንች ጋር በሚጠበሰው በጉ የተመሰገነ ቤት።

ፎቅ ቤት ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

የምታበስለው ሚስትየው ነበረች። የባልየው ሥራ በር ላይ ቆሞ መቀበል፣ ሳህን ማመላለስና ደንበኛ መሸንገል ነበር፤ ከትከሻው ፎጣ ስለማይለይ ባለፎጣው ይሉታል። እሷ ማዕድ ቤት ገብታ ቃል ሳይወጣት ታበስላለች፤ እሱ ስለ ሁለቱም ያወራል። ትዳሩም ንግዱም በዚህ የሥራ ክፍፍል ለዘመናት ሰላም አድሯል። ከዚያ እሷ ታመመች፤ ሕመሙም ብዙ አላቆያት። ባለፎጣው ከቀብር እንደተመለሰ ታፔላውን አወረደ፣ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠና ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ገብቶ ተኛ። ከዚህ ዓለም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ሳያናግረው ቁጭ ብሎ ማዘን።

ዝርዝሩ ግን አልፈቀደለትም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ደረጃው ላይ ኮቴ ይሰማል፤ በሩ ይንኳኳል። ሲከፍት ስልካቸውን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ፊቱ ላይ የዘረጉ ሰዎች ቆመዋል። ዝግ ነው ይላቸዋል። ክፍት ነው ይላል እኮ ይሉታል። ማነው የሚለው ሲላቸው፣ ስልኩ። አንዱ አባወራ አንገቱን አስግጎ የተገለበጡትን ወንበሮች ተመለከተና ገና አልተሰናዱም መሰለኝ ብሎ ከነልጆቹ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። አንዲት ሴት ደግሞ ሚስቴ ሞታለች ሲላት ከልቧ ደነገጠች፤ ደረቷን ይዛ፣ «ነፍስ ይማር፤ ታዲያ ሾርባው ብቻ የለም?» አለችው።

ከሥር ያለው ልብስ ሰፊም አላገዘውም። መርፌውን ጥርሱ ላይ እንደያዘ፣ ውጡ ውጡ፣ ዛሬ የደረሰ ጠቦት አለ እያለ እንግዳ ወደ ላይ ይሰዳል። ባለፎጣው ወርዶ ሲቆጣው፣ አንተ ሰውዬ እንዳትሻግት ብዬ ነው፣ እኔ ምን ተረፈኝ ይለዋል።

የመጽሔቱ ገጽ ላይ ደግሞ አስተያየቱ ይጎርፋል። «ሾርባው እንደ ድሮው ነው» ብሎ የጻፈ አለ። «አስተናጋጁ ፊቱን አጥቁሮ ይቀበላል፤ ቤቱ ግን ጸጥታው ደስ ይላል» ብላ ያመሰገነችም አለች። በሩን አልፎ የገባ አንድም ሰው ሳይኖር ፎቅ ቤት ዝናው እየጨመረ ሄደ።

አዲሱ ዝርዝር በወጣ በነጋታው አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት ለአለቃው ልደት ኬክ ይዞ ደረጃውን ሞላው። ባለፎጣው ያን ቀን ኮቱን ለበሰና ወደ መጽሔቱ ቢሮ ሄደ።

ቀማሿ ድንቿን እየበላች ነበር። ሽማግሌው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ማን እንደሆነ ነገራት፤ ሚስቱንም፣ በሩንም፣ ኬኩንም ነገራት። በሙያዋ ዘመን ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ አስገቢኝ እያለ ደጅ የሚጠና እንጂ አውጪኝ የሚል መጥቶባት ስለማያውቅ፣ የምሳ ዕቃዋን ከደነች።

«ልጄ፣ ከናንተ ሌላ ነገር አልፈልግም» አላት። «አውርዱኝና ቁጭ ብዬ ልዘንበት።»

ዋና አዘጋጁ ዘንድ ይዛው ገባች። አዘጋጁ ስለ ዝርዝሩ ሲናገሩ እንደ ሕገ መንግሥት ነው፤ ድምፃቸው ራሱ ይወፍራል። ከዚህ በፊት አንድ ሰውዬ እያለቀሰ መጥቶ ምግብ ቤቴ ተቃጥሏልና አውርዱት ብሏቸው ነበር። አወረዱት። ኋላ ሲጣራ አልቃሹ ማዶ ያለው ተፎካካሪ ሆኖ ተገኘ፤ ተቃጠለ የተባለው ቤት ባለቤት ደግሞ በሰላም ዓሣውን ይጠብሳል። ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ። ቀማሽ ሳይቀምሰው ከዝርዝሩ የሚወርድ ቤት የለም፤ ተቀምሶ ከአሥር አምስት ያላገኘ ይወርዳል፤ የወረደ አይመለስም።

ባለፎጣው እኔ ራሴ ባለቤቱ ነኝ አለ። ያኛውም ያለው ይህንኑ ነበር አሉት። ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው እኮ አለ። አዘጋጁ መነጽራቸውን አደረጉና፣ ባለፈው ሳምንት ብቻ እዚያ በልተው የተደሰቱ ሰዎች የጻፉትን አነበቡለት። ማን ነው ያበላቸው ብሎ ጠየቀ። ይህ የዝግጅት ክፍሉ ሥራ እንዳልሆነ ተገለጸለት።

ስለዚህ ይቀመሳል ተባለ። ማን አብስሎ ሲል፣ ቀማሿ ጣቷን እያፍተለተለች እርስዎ ነዎታ አለችው። እሱ በዕድሜው ሻይ እንኳ ያፈላ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ዝቅተኛ ነጥብ ለማግኘት ይህ እንደ ችሎታ እንጂ እንደ ችግር እንደማይቆጠር አጽናናችው።

የቀጠሮው ቀን ባለፎጣው የአንዱን ጠረጴዛ ወንበሮች አወረደ፤ ላዩን ወለወለ። ከዚያ ምድጃው ፊት ሄዶ፣ ሰው ቤት በእንግድነት እንደገባ ሁሉ እጁን አጣምሮ ቆመ። ቤት ውስጥ ያለው ድንች ነው። ቀቀለው። ጨው ሚስቱ የት ታስቀምጥ እንደነበር አያውቅም፤ ጠይቋትም አያውቅም።

ቀማሿ መጥታ ተቀመጠች፤ ሳህኑን አቀረበላት። አንዱን ጎረሰች፤ ደገመች፤ ጨረሰችና ሳህኑን አሻግራ ተጨማሪ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ቀማሽ ከሆነች ወዲህ ምግብ ቤት ገብታ በልታ ሆዷን ሳያቃጥላት የቀረ የመጀመሪያው ምግብ ይህ ነበር። ሁለቱም ተያይተው ደነገጡ።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ጥሩ ነው» አለች፣ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንዳትይ። አፈር ስሆን፣ እንዳትይ።»

ይህን እየተባባሉ በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊው የጭሱን ሽታ ሰምቶ፣ ዛሬ የምሬን ነው፣ እናቴ ትሙት ተከፍቷል እያለ መንገደኛውን ሁሉ ወደ ላይ ሰዶት ነበር። ሰው ገባ፤ ወንበሮቹን በገዛ እጁ እያወረደ ተቀመጠ። ባለፎጣው ሊያስወጣቸው ተነሣ፤ እጁ ግን ከመስኮቱ ሥር የተሰቀለውን ፎጣ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለው። አንድ ጊዜ ፎጣው ትከሻው ላይ ካረፈ በኋላ ሰው ማስወጣት እንዴት እንደሚቻል አላወቀበትም።

ድንች አዞረ። ሰዎቹ ድንቹን አዩት፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጎልማሳ ሚስቱን ዘመናዊ አቀራረብ ይሆናል፣ ዝም ብለሽ ብዪ አላት። ጨው የጠየቁትን ባለፎጣው ደምዎ ከፍ እንዳይል ሰግቼ ነው አላቸው። በጉስ የት ሄደ ያለውን፣ ስልክ ቁጥሩን ሳይተውልኝ ሄደ አለው። ሳቁ። ሌላው ጠረጴዛ ደግሞ ምን እንደሳቁ ጠየቀና እሱም ሳቀ። ከሴትዮዋ ሞት ወዲህ ያልተነገሩ ቀልዶች ተራቸውን እንደጠበቁ ሁሉ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሰውየው ስለ ሁለት ሰው ያወራ ጀመር። በሩ አጠገብ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡም፣ ፊቱን ወደ ማዕድ ቤቱ እንኳ ሳያዞር፣

«ሁለት ጨምሪ» አለ።

ማዕድ ቤቱ ዝም አለ። ሰዎቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ ምንም የሆነ ነገር ያለ አልመሰላቸውም። ባለፎጣው ከዚያ ራሱ ገብቶ፣ ሁለት ሳህን ድንች ይዞ ወጣ።

ቀማሿ ከአሥር ሦስት ሰጠችው። ሾርባ የለም፣ በግ የለም፣ ጨው የለም ብላ ጻፈች፤ ምናልባትም በመጽሔቱ ታሪክ ከተጻፉት ሁሉ እውነት የሆነው እሱ ብቻ ነው። ስለ አስተናጋጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምራ ነበር፤ ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል ብላ ፈርታ ሰረዘችው። ፎቅ ቤት በማግስቱ ወረደ። አምስተኛው ወደ አራተኛ ተሸጋገረና «ቤተሰባዊ» ተባለ።

መጀመሪያ ላይ ባለፎጣው እንቅልፉን ጠገበ። የምሳ ሰዓት መጣ፤ የሚያንኳኳ የለም። ወንበሮቹን መልሶ ገለበጣቸው፤ ቁጭ ብሎም አዘነ፤ እንደተመኘው፣ ማንም ሳያናግረው። ጥቂት ሰነበተና ግን የምሳ ሰዓት ሲቃረብ ጆሮው በራሱ ጊዜ ወደ ደረጃው መዞር ጀመረ። ፎጣውን አጠበ። ደረቀ። ማንም ያልነካውን ፎጣ መልሶ አጠበ። አንድ ቀን ኮቴ ሰማና ሳይንኳኳ ከፈተ፤ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው። ዝግ ነው አለው ባለፎጣው፣ ያልጠየቀውን ሰው። ቆየት ብሎ ደግሞ ቁጭ በል፣ ደረጃው ያደክማል አለው። ሰውየው ብዙ ቤት ይቀረኛል ጋሼ ብሎ ቁጥሩን አይቶ ወረደ። ልብስ ሰፊው እንኳ መቀለጃ አጥቶ፣ ሰው ጠፋ እኮ፣ ምን አደረግኻቸው ብሎ ጠየቀው።

ኮቱን ለብሶ እንደገና ቢሮ ሲመጣ ቀማሿ ከወንበሯ ተነሣች። ሊያመሰግናት የመጣ መስሏት ፊቷ በርቶ ነበር።

መልሺኝ አላት። አራተኛ ባይሆን አሥረኛም ይበቃኛል አለ።

ቀማሿ መጀመሪያ ደስ አላት። ሊከፍት ነው ብላ አሰበች፤ ጥሩ አብሳይ የሚያገናኘው ሰው እንደምታውቅ፣ ለሾርባው እንኳ የሚሆን እንደማይጠፋ ነገረችው። ባለፎጣው ጨርሳ እስክትናገር ጠበቀና እንደማይከፍት ነገራት። አብሳይም አያስገባም። ማዕድ ቤቱ እንደተዘጋ ይቆያል። የሚፈልገው ስሙ እዚያ ላይ ተመልሶ እንዲጻፍ ብቻ ነው።

ወደ አዘጋጁ ገብታ ብዙ ቆየች። ሽማግሌው በመስተዋቱ በኩል እጇን ስታወናጭፍ፣ አዘጋጁም ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ አየ። ስትመለስ ደንቡን እሱም እንደሚያውቀው ነገረችው፤ የወረደ አይመለስም። አዘጋጁ ያሉት ቢኖር፣ የሚያሳምን ምክንያት ባለቤቱ በገዛ አፉ ካቀረበ እናየው ይሆናል ነው። እናየው ይሆናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም አላጡትም።

«ቢሆንም አንድ ነገር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አለችው። «ዝግ ቤት ሰው መጥቶ እንዲያንኳኳ ለምን ይፈልጋሉ?»

ባለፎጣው ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ምሳ ዕቃ ያይ ነበር።

«እርስዎ ከከበደዎት እኔ ልጻፍልዎት። ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ወደ ማዕድ ቤቱ ሲጣሩ ሰምቻለሁ...»

«አትጻፊ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልንገራቸው? ይጠይቁኛል እኮ። ምክንያቱ ምንድን ነው ይሉኛል።»

ባለፎጣው ተነሥቶ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ።

«አልናገርም» አላት።