በሁለት በር የወጡ

ወንዳወቅ ስዊድን አገር አራት ዓመት ኤሌክትሮን ሲያጠምድ ኖሮ፣ በ2003 ዓ.ም. ያምሮትን ሊያገባ ቡሬ መጣ። ፍኖተ ሰላም አብረው ከተማሩበት ጊዜ ጀምሮ በልቡ ይዟታል፤ እሷን ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ወንዳወቅ የላካቸውን ሽማግሌዎች አባቷ መሪጌታ ያረጋል አንዲት ነገር ጠየቁ፤ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ገብረሰንበት ሳል መጣባቸው። «መብራት ኃይል መሰለኝ» አሉ።

በማግስቱ ወንዳወቅ ራሱ ሄደ። ዶክተር የተባለ ሰው ሥራውን ለማስረዳት ላብ አጠመቀው።

«የኔታ፣ ሞለኪውል ማለት ቤተ ክርስቲያን ነው ይበሉ። ከውስጥ መቅደስ፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከውጭ ቅኔ ማሕሌት። እኛ በኃይለኛ ጨረር ከመቅደሱ አንዱን ኤሌክትሮን እናስወጣለን። ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ከውጭ ያለው ዘሎ ይገባበታል። ሲገባ የሚተርፈው ጉልበት ደግሞ ሌላውን ገፍቶ ያባርረዋል።»

«ይኸማ የደብራችን አስተዳደር ነው» አሉ መሪጌታ።

«ሁለቱን ተባራሪዎች ሁለት በር ላይ እንጠብቃለን። ሰዓታቸው ከገጠመ የወጡት ከአንድ ሞለኪውል ነው። ሕዝቡ ከበዛ ግን የማይተዋወቀውም እኩል ይወጣል፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት ነው የምንሠራው።»

«እንግዲያው በእኛው አሳየና! ወንዱ በሰሜን በር ይወጣል፣ ሴቷ በደቡብ። ማንና ማን ኸአንድ ቤት እንደመጡ ሳታይ ንገረኝ። ኸያዝህ ልጄን ውሰድ፤ ኸሳትህ ኸነኤሌክትሮንህ መንገድህን ያዝ።»

ሰው በሚያንስበት የኪዳን ጸሎት፣ ለስድስት ቀን በየጠዋቱ፣ መሪጌታ በወንዶቹ በር፣ ባለቤታቸው እህተ ማርያም ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በለዩት ፊደል በሴቶቹ በር፣ የሚወጣውን ሰው ስምና ደቂቃ ጻፉ። አንዳቸው የሌላውን ወረቀት አላዩም። ዶክተሩ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ሽማግሌው ተሰበሰበ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ወንዳወቅ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ ያዛምድ ጀመር። «እጅጉ ከወለተ ኢየሱስ!» ባልና ሚስት ናቸው። «ደረሰ ከባንቺአየሁ!» ተኳርፈዋል ሲባሉ የከረሙት ባለትዳሮች፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወንዳወቅ ልቡ አበጠ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ስድስቱንም ቀን፣ በአንድ ደቂቃ፣ ተስፋው ከያምሮት!» አለ። አፉ ቀድሞት ነበር።

ተስፋው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው፤ ላጤ።

የጓዳው በር ላይ የቆመችው ያምሮት ፊቷ አመድ መሰለ። ወንዳወቅ ቅናት ያዘው፣ ተናደደም፤ ከሁሉ ይልቅ ግን አፈረ፤ የኤሌክትሮንን መውጫ ሲቆጥር ኖሮ የእሷን ልብ አልጠየቀም። ዘዴው ልክ ነው ካለ ያምሮትን ከአባቷ ቁጣ ፊት ማቆሙ ነው። ስህተት ነው ካለ ትዳሩም አራት ዓመቱም ገደል ገባ።

«የኔታ፣ ዘዴው ስህተት ነው» አለ። «እንዲያው አጋጣሚ ነው። ስዊድኖቹም ይጠራጠሩታል።»

መሪጌታ ያረጋል ሁለቱን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ያን ሁሉ ዘመን ስትማር መዋሸት ያስተማረህ የለም» አሉት። ከዚያ ዞረው፣ «ገብረሰንበት፣ ተስፋውን ሽማግሌ ላክ በለው። ለዚህ ልጅ ደግሞ ምሳ ይቅረብለት። ልጄን ባልሰጠውም ወድጄዋለሁ» አሉ።

ወንዳወቅም እንባውን በበርበሬው አሳብቦ በላ።