ቡዳው ስሙን ተናገረ

ዱባለ የአልማዜን ፀጉር በግራ እጁ ጠቅልሎ በቀኙ በአለንጋ ይሸነቁጣታል። "ተናገር! ማን ነህ? ከየት መጣህ?" ይላል። የሚጠይቀው እሷን ሳይሆን ሰፈረባት ያለውን ቡዳ ነው።

"በሽታ ነው!" ትላለች አልማዜ። "አንገቴን የታከምኩበት ጨረር ያመጣብኝ ነው! ጋሼ ዱባለ፣ በጃንሆይ አምላክ ይተዉኝ!"

ማን ሰምቷት! የቀራንዮ ሰፈር ሰው ያየውን አይቷል። የቀረበላትን ጠራርጋ እየበላች ትከሳለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኖቿ ፈጠው ከጉድጓዳቸው ሊወጡ ደርሰዋል። ከዓመታት በፊት አሠሪዎቿ ፈረንጆች አገራቸው ወስደው አንገቷ ላይ የወጣውን ክፉ እባጭ በጨረር አሳክመውላት ነበር። ዘንድሮ ሐኪሙ፣ "እባጩ ጠፍቷል፤ አሁን ግን ገላሽ የገዛ አንገትሽን እጢ እንደ ጠላት እየወጋ ነው። ጨረሩ ሳይቀሰቅሰው አልቀረም" ብሎ ክኒን ሰጣት። ክኒኑን ዱባለ እሳት ውስጥ ጨመረው። የባሏ ታላቅ ወንድም ነዋ፣ ማን ይናገረዋል? ባሏማ፣ ፈቀደ የሚባለው፣ ወንድሙ ሳያስነጥስ "ይማርህ" የሚል ሰው ነው።

ዱባለ የሚፈልገው የአንዲት ሴት ስም ነው፤ የሸክላ ሠሪዋን የሰርኬን። ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ነው ይላላ! አልማዜን ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ግን ይህችው ሰርኬ ናት። አሁን ጎረምሶች ጎትተው አምጥተዋት፣ ግንባሯ ተፈንክቶ ደጃፉ ላይ ተንበርክካለች። ዱላቸውን ጨብጠው የቡዳውን ቃል ይጠብቃሉ። ስሟ ከተጠራ ሰርኬ አትተርፍም፤ ካልተጠራ አልማዜ አለንጋው ሥር ትቀራለች።

አለንጋው ጆሮዋን ሲሰነጥቀው አልማዜን ንዴት አነቃት። ድምፅዋን አጎርንና ጮኸች።

"እለፈልፋለሁ! እለፈልፋለሁ!"

"ማን ነህ?"

"ዱባለ ነኝ!"

አለንጋው አየር ላይ ቀረ።

"በምን ያዝካት?" አለ ፈቀደ፣ ካንዱ ጎረምሳ እጅ ዱላ እየነጠቀ።

"በዓይኔ! ስትበላ አይቻት!"

የመጀመሪያውን ዱላ ያሳረፈው ፈቀደ ራሱ ነው። ስንት ዘመን አቤት ወዴት ያለለትን ወንድሙን ጥርሱን አረገፈው። ከዚያ ሁሉም ተረባረበ። ሰርኬ እየዳኸች በአጥሩ ሾልካ ስትወጣ አልማዜ አየቻትና በልቧ እሰይ አለች።

ዱባለ ወደቀ፤ ወድቆም አልማሩትም። የክንዱ አጥንት ቀጭ ሲል ተሰማ። አልማዜ አንጀቷ አልችል አለ። ተንፏቃ ሄዳ የባሏን እግር ያዘች።

"ተዉት! ሐሰቴን ነው! በሽታ ነው፣ የጨረሩ ነው!"

ፈቀደ ዞር ብሎ የፈጠጡ ዓይኖቿን አያቸው።

"ሰማችሁ?" አለ፣ ዱላውን መልሶ እያነሳ። "ቡዳው ራሱን ሊያስምር ነው። እንዳትለቁት!"