ስምንቱ የኩብራ ሠራተኞች

በ2006 ዓ.ም. ጭሮ ኳስ ሜዳ ላይ የሮክ ባንድ ሊዘፍን ነው ሲባል ኩብራ መጀመሪያ የታያት ዘፈኑ ሳይሆን ገረባው ነው። ያ ሁሉ ሰው ጫቱን ይዞ መጥቶ፣ ለጋ ለጋውን ቅሞ፣ የተረፈውን ቅጠልና እንጨት እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ገረባ ለሌላው ቆሻሻ ነው፤ ለኩብራ ግን የፍየል ቀለብ ነው። ዘንድሮ ዝናብ አጥሮ ሣሩ ቀድሞ ደርቋል፣ አረፋ ተቃርቧል፣ የፍየሎቿ ጎድን ደግሞ ከሩቅ ይቆጠራል። እንዲህ ሆነው ገበያ ቢወጡ የሚገዛ ቀርቶ ዋጋ የሚጠይቅ የለም።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። የሮክ ባንዱ አየር ሳልበክል አገር እዞራለሁ ብሎ የተነሳ ነው። ጄኔሬተር አይዝም፤ የሚዘፍነው በፀሐይ ኃይል ነው፤ የሚጓዘውም ሁሉም በአንድ አውቶቡስ ታጭቆ ነው። የጽዳቱ ኃላፊ ኢያኤል የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እሷም የሜዳውን ቆሻሻ አንዲት ቅጠል ሳታስቀር በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ጭና ማዳበሪያ ልታሰራው ነው። ኩብራ ይህን ስትሰማ አንጀቷ አረረ። የጭሮ ገረባ መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሲገባ የሷ ፍየሎች ጦማቸውን ሊያድሩ ነው።

ተናዳ ብቻ ግን አልቀረችም። ኢያኤል ዘንድ ሄዳ ሰላምታዋን አሳምራ፣ ለጽዳቱ ስምንት ሠራተኞች አመጣለሁ አለቻት። ጠንካሮች ናቸው፣ ማጎንበስ አይሰለቻቸውም፣ ምሳቸውን እዚያው ካገኙ ሌላ ክፍያ አይጠይቁም። አማርኛ ግን አይችሉም። ከዚህ ሁሉ አንዱም ውሸት አልነበረም። ኢያኤል ልቧ ተነክቶ ስምንት አረንጓዴ ሰደርያ ሰጠቻት። የበሩን ዘበኛ ሳቢትንም፣ ሰደርያ ያልለበሰ እንዳይገባ፣ የለበሰ እንዳይከለከል ብላ አጥብቃ አዘዘችው።

ዘፈኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። የውሃው ፕላስቲክ ለዘይት መያዣ ስለሚፈለግ ሰው ሁሉ እያነሳ ወሰደው፤ ሜዳ ላይ የቀረው ገረባ ብቻ ነው። ኩብራ ፍየሎቿን እየነዳች በሩ ላይ ደረሰች። ስምንቱም አረንጓዴ ሰደርያ ለብሰዋል። ሳቢት ፍየሎቹን አየ፣ ሰደርያውን አየ፣ ትእዛዙን አስታወሰ። ሥራውን የሚወድ ሰው ነውና አሳለፋቸው።

ኢያኤል ጆንያዎቿን ይዛ ስትመጣ የሜዳው እኩሌታ ጠድቷል። ገረባው ያነቃቃት አንዷ ፍየል መድረክ ላይ ወጥታ ከበሮውን በቀንዷ እየሞከረች ነበር።

"እናቴ፣ ሠራተኛ አመጣለሁ ብለውኝ አልነበር?" አለች፣ መቆጣትም መሳቅም እያቃታት።

"ወላሂ፣ ከነሱ ውስጥ የለገመ አለ?" አለች ኩብራ።

ኢያኤል አይሱዙው ቆሞ እየጠበቀ እንደሆነ፣ ገረባው የግድ ማዳበሪያ መሆን እንዳለበት ታስረዳት ጀመር። ይህን ስትል አጠገባቸው ያለችው ፍየል ጭራዋን ቀና አድርጋ በጠጧን ሜዳው ላይ ዘረገፈችው።

ኩብራ በጣቷ አሳየቻት። "ይኸው፣ ሆነልሽ ልጄ። ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደሽ?"

ኢያኤል በጠጡን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ አይሱዙውን አሰናበተችና ቀጣዩ ዝግጅት ባለበት በገለምሶ ፍየል ያለው ዘመድ እንዳላት ኩብራን ጠየቀቻት፤ ሰደርያዎቹንም እንድትመልስላት ለመነቻት። ኩብራ ልታወልቃቸው ጎንበስ አለች። አልወጣ አሏት፤ የስምንቱም ማሰሪያ ሆዳቸው ላይ ጠብቆ ነበር።